አባቴ ሌሊት አይተኙም፤ ለልብ የማይጎዳው የእንቅልፍ መድኃኒት የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። የልብ ድካም እንዳለባቸው ከተነገረን 3 ዓመት ሆኖናል፤ የልብ ምታቸውም የተዛባ ነው (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ተብሏል)። ሜቶፕሮሎል፣ ኢናላፕሪል፣ ዋርፋሪን እንዲሁም ጠዋትና ማታ ላሲክስ ይወስዳሉ። ከ2 ወር ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ይተኛሉ፤ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ነቅተው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ መስኮት ክፈቱልኝ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። አንድ ዘመዳችን ለአለርጂ የሚሰጥ የሚያስተኛ ክኒን ሰጥቷቸው ለ5 ቀን ወሰዱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ደኅና ተኙ፤ ከዚያ ግን መሥራት አቆመ፤ ሽንትም አስቸገራቸው። አሁን አንዱ ሜላቶኒን፣ ሌላው አሚትሪፕቲሊን ስጧቸው ይለናል። ለልብ ሕመምተኛ የማይጎዳው የቱ ነው? መጠኑስ ስንት ነው?

ምላሽ፦ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው፣ እንደ ማንኛውም የመድኃኒት ባለሙያ፣ ወደ መድኃኒቶቹ ስም ነበር። በሁለተኛው ንባብ ግን እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጓት አንዲት ሐረግ ያዘችኝ፤ «መስኮት ክፈቱልኝ ይላሉ»። የጠየቁኝ ስለ ክኒን ነው። መልሱ ግን ያለው እዚያ መስኮት አጠገብ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከእርሱ ልጀምርና ወደ ክኒኖቹ እመለሳለሁ።

ልቡ የደከመ ሰው ቀን ሲቆምና ሲቀመጥ የሰውነቱ ትርፍ ውኃ ወደ እግሩ ይወርዳል። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ጠርዙ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ በክር ታስሮ የዋለ ይመስል፣ ጎድጎድ ያለ ምልክት ትቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሌሊት ሲጋደም ያ ውኃ ወደ ደም ሥር ተመልሶ ይገባና ወደ ደረት ይሄዳል። ጤነኛ ልብ ጭማሪውን ሳይታወቀው ገፍቶ ይጨርሰዋል። የደከመው ልብ ግን ያቅተዋል፤ ደሙ ሳንባ ላይ ይከማቻል፣ ሳንባው ይከብዳል። ሰውየው ከተኛ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትንፋሽ አጥሮት ይባንናል። ተነሥቶ ይቀመጣል፤ እግሮቹን ወደ መሬት ያወርዳል፤ ነፋስ ይፈልጋል። ከሩብ ሰዓት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀለል ይለዋል፤ ደግሞ ጋደም ማለት ግን ያስፈራዋል። ብዙዎች ይህን ለሐኪም ሲናገሩ «ትንፋሽ አጠረኝ» አይሉም፤ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉት። ሐኪሙም ጥቂት ካልጠየቀ የእንቅልፍ ክኒን ጽፎ ይሸኛቸዋል።

የአባትዎ ሌሊት በእርግጥ ይህ መሆኑን በጽሑፍ ብቻ አይቼ መፍረድ አልችልም። ከሆነ ግን በሕክምናው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው «እንቅልፍ ማጣት» ተብሎ ሳይሆን «የልብ ድካሙ እየባሰ ነው» ተብሎ ነው። የሚቀሰቅሳቸው አንጎላቸው ነው፤ አየር እንዳጠረ ሲያውቅ ተነሥ ይላል። የእንቅልፍ መድኃኒቶች አብዛኞቹ የሚያደነዝዙት ደግሞ ይህንኑ ቀስቃሽ ነው። ስለዚህ «ለልብ የማይጎዳው የትኛው ነው» ከሚለው በፊት «የሚቀሰቅሳቸው ምንድን ነው» የሚለው ካልተመለሰ፣ በጣም ገር የሚባለው ክኒን እንኳ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

እስከዚያ ድረስ እቤት ሆናችሁ ማየት የምትችሉት ነገር አለ። ስንት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት? ከ2 ወር በፊትስ ስንት ነበር? ጋደም ሲሉ ሳል ይመጣባቸዋል? አውራ ጣትዎን እግራቸው ላይ፣ ከቅልጥማቸው ፊት ለፊት፣ ጫን አድርገው ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ቢያነሡት ጉድጓድ ይቀራል? ከሁሉ በላይ ክብደታቸውን ይመዝኑ፤ ዘወትር ጠዋት፣ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በተመሳሳይ ልብስ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ የጨመረው ሥጋ ሊሆን አይችልም፤ ውኃ ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪማቸው ይወቅ። ተቀምጠውም ትንፋሹ ካልተመለሰላቸው፣ አረፋ ያለው ወይም ደም የነካው አክታ ከወጣ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ይህን ጽሑፍ አንብበው አይጨርሱ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

አሁን ወደሚወስዷቸው መድኃኒቶች ልሂድ፤ ምክንያቱም እንቅልፍ የሚነሣው አንዳንድ ጊዜ የሕመሙ መድኃኒት ራሱ ነው።

«ጠዋትና ማታ ላሲክስ» ብለዋል። ማታ ስንት ሰዓት ላይ? ላሲክስ (ፍሮሴማይድ) በአፍ ከተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምርና ለ6 ሰዓት ያህል ይቆያል። የንግድ ስሙ ራሱ «6 ሰዓት ይቆያል» ከሚል የእንግሊዝኛ አባባል ተቆራርጦ የተሠራ ነው ይባላል። እንግዲህ ማታ 1 ሰዓት ላይ የተዋጠ ክኒን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሲያሸና ያመሻል ማለት ነው፤ አባትዎ የሚነቁበት ሰዓት እርሱ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሽንት ይቀሰቅሳቸዋል፣ ከነቁ በኋላ ደግሞ የትንፋሹ ጭንቀት ይይዛቸዋል። የሚያሸና መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ ሲታዘዝ ሁለተኛውን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት አካባቢ ማድረግ የተለመደ ነው። ሐኪማቸውን ወይም ፋርማሲስታቸውን ጠይቀው ሰዓቱን ይለውጡ። ልብ ይበሉ፣ የምልዎ ሰዓቱን ስለ መለወጥ ነው። «ሌሊት እንዳይቀሰቅሳቸው» ተብሎ የማታው ክኒን ጭራሽ ሲቀር፣ ውኃው በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ሳንባ ላይ የተኛባቸውን ሕመምተኞች አይቻለሁ።

የልብ ምትን የሚያረጋጋው ሜቶፕሮሎል ሁለተኛው ተጠርጣሪ ነው። በስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ ወደ አንጎል በቀላሉ ይገባል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቅዠትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ያመጣል። በዚያ ላይ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ሰውነት ሌሊት ሌሊት የሚያመነጨውን ሜላቶኒን ይቀንሳሉ። ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ ግን መድኃኒቱን በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ፤ በድንገት ሲቆም ልብ እንደ ተለቀቀ ፈረስ ይጋልባል፣ የደረት ሕመምና ከዚያም የከፋ ነገር ሊመጣ ይችላል። ቅዠቱ ከባሰ ሐኪሙ የሚወሰድበትን ሰዓት ሊያስተካክል ወይም በሌላ ሊተካው ይችላል። መተካቱም ቢሆን የዘፈቀደ አይደለም። አቴኖሎል ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ ለእንቅልፍ የተሻለ ይመስላል፤ በልብ ድካም ላይ ዕድሜ እንደሚያራዝሙ በጥናት የታወቁት ግን ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎልና ረጅም ጊዜ የሚሠራው የሜቶፕሮሎል ዓይነት ናቸው፤ አቴኖሎል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሌሊት ይብሳል። ካሳላቸው ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ምትክ አለው።

ከመድኃኒት ውጭ ያለው ትልቁ ነገር ማንኮራፋት ነው። ከአባትዎ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር ሰው ካለ ይጠይቁት፤ ከሌለም አንድ ሌሊት ለግማሽ ሰዓት ያህል አጠገባቸው ይቀመጡ። ሁለት ዓይነት ነገር ሊያዩ ይችላሉ። አንደኛው፦ ያንኮራፋሉ፣ ድምፁ ድንገት ይጠፋል፣ ደረታቸው ይታገላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው በጉርምርምታ ይተነፍሳሉ። ይህ ጉሮሮ የሚዘጋበት የትንፋሽ መቋረጥ ነው። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነው፤ ትንፋሹ እየጠለቀ እየጠለቀ ይሄዳል፣ ቀስ በቀስ እየቀለለ ይመጣል፣ ከዚያ ለጥቂት ሰከንዶች ጭራሽ ይቆማል፤ ደረቱም አይንቀሳቀስም። እንደገና ይጀምራል። ይህን ማዕበል የመሰለ አተነፋፈስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉልን ጆን ቼይንና ዊልያም ስቶክስ የተባሉ የደብሊን ሐኪሞች ናቸው፤ እስከ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል፤ በልብ ድካም ላይ የሚታወቅ ነገር ነው። የትኛውንም ካዩ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹና ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ከረጅም ገለጻ ይበልጣል። የጉሮሮ ጡንቻን የሚያላላ ክኒን በመጀመሪያው ዓይነት ሰው ላይ ማንቁርትን በእጅ እንደ መጫን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለትንፋሽ መቋረጥ የሚሰጥ መሣሪያም ተመርምሮ እንጂ ተውሶ የሚደረግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ልባቸው ደም የመግፋት አቅሙ በጣም ለቀነሰና ሁለተኛው ዓይነት መቋረጥ ላለባቸው ሰዎች የተሰጠ አንድ ዓይነት አጋዥ የመተንፈሻ መሣሪያ በልብ ሕመም የሚሞቱትን ሰዎች ቁጥር አብዝቶ ተገኝቷል።

አሁን ክኒኖቹ። ዘመዳችሁ ከሰጠው ልጀምር።

የሚያስተኛ የአለርጂ ክኒን ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ዳይፌንሃይድራሚን፣ ክሎርፌኒራሚን ወይም ፕሮሜታዚን ነው። የሆነው ሁሉ በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው ነው። ሰውነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምደውና የማስተኛት ኃይሉ ይጠፋል፤ አፍ ማድረቁ፣ ሆድ ማድረቁ፣ ሽንት መከልከሉ ግን አይጠፋም። ፕሮስቴቱ ያበጠ አረጋዊ ላይ ሽንቱ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል። እስቲ ሥዕሉን ይዩት፤ ላሲክስ ፊኛውን ይሞላል፣ የአለርጂው ክኒን በሩን ይዘጋል! ልብ ላይ ደግሞ ምቱን ያፈጥናል። ዳይፌንሃይድራሚን ከዚህ ሌላ ሜቶፕሮሎልን በጉበት ውስጥ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚይዝ የሜቶፕሮሎሉ መጠን በደም ውስጥ ከታዘዘው በላይ ይሆናል፤ የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ የልብ ምቱም ከሚገባው በታች ሊዘገይ ይችላል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ባይሰጡ ይሻላል ብሎ የሚያወጣው የታወቀ ዝርዝር አለ፤ ቢርስ ይባላል፤ እነዚህ ክኒኖች እዚያ ውስጥ ናቸው። አባትዎ ያቁሙት። ለ5 ቀን የተወሰደ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ቢተው ችግር የለውም። ከቆመ በኋላም ሽንት እምቢ ካላቸውና እምብርታቸው ሥር ከተወጠረ ግን ያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ለማታ» ተብለው የሚሸጡ የጉንፋንና የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ውስጥም ይኸው የአለርጂ መድኃኒት ይገኛል፤ ብቻውን ግን አይሆንም። አፍንጫ የሚከፍተው ፕሴውዶኤፌድሪን የደም ግፊትን ያወጣል፤ አይቡፕሮፌን ውኃና ጨው በሰውነት ይይዛል፤ ደም ማቅጠኛ የሆነውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደግሞ የመድማት አደጋ ይጨምራል። ልቡ የደከመ ሰው ሁለቱንም አይነካ።

አሚትሪፕቲሊንን በተመለከተ አስተያየቴ ቁርጥ ያለ ነው፤ ለአባትዎ አይሆንም። የቆየ የድብርት መድኃኒት ነው፤ በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመምና ለእንቅልፍም ይሰጣል፤ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ «እኔን አስተኝቶኛል» የሚል ሰውም አይጠፋም። ችግሩ በልብ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መልእክት ማዘግየቱና ማዛባቱ ነው። የቅርብ ጊዜ የልብ ድንገተኛ ሕመም ላለበት ሰው ክልክል ነው። ከተቀመጡበት ሲነሡ የደም ግፊት ድንገት እንዲወርድም ያደርጋል። አባትዎ ደግሞ ምታቸው አስቀድሞ የተዛባ፣ ግፊት የሚቀንሱ ሦስት መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰው ናቸው።

የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው የኢሲጂ ምርመራ ወረቀት ላይ ኪውቲ የሚባል ርዝመት አለ፤ ልብ ከአንዱ ምት በኋላ ለሚቀጥለው ራሱን ለማዘጋጀት የሚፈጅበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሲረዝም ልብ ወደ አደገኛ ፍጥነት ሊገባና ሰውን ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል። አሚትሪፕቲሊን፣ ትራዞዶን፣ ኩቲያፒን፣ በብዛት ሲወሰዱ አንዳንድ የአለርጂ ክኒኖችም ያረዝሙታል። ለምት መዛባት የሚሰጡት አሚዮዳሮንና ሶታሎል፣ እንደ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ አንቲባዮቲኮችም እንዲሁ። ላሲክስ ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ከሽንት ጋር ሲያጥብ ደግሞ መንገዱን ይጠርግላቸዋል። አንዱ ብቻውን ላይጎዳ ይችላል፤ አደጋው ሲደራረቡ ነው። በዚህ ምክንያት ልበ ሕመምተኛ ከእነዚህ አንዱ ሊታዘዝለት ሲል «ኢሲጂ አይነሣም? ፖታሲየም አይታይም?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ሐኪሙም አይቀየምም።

የሚያረጋጉትና የሚያስተኙት ዳያዜፓም፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓምና ዞልፒዴም የኤሌክትሪኩን ነገር ያን ያህል አይነኩም። በዚህ ምክንያት «ለልብ ደኅና ናቸው» ይባላል፤ እኔ ግን ይህን አባባል አልወደውም። የአባትዎን ሌሊት አስቡት። ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ሽንት ቀስቅሷቸዋል፤ ክኒኑ ገና አልለቀቃቸውም፤ የደም ግፊት መድኃኒቱ ከአልጋ ሲነሡ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። አራት እርምጃ ሄደው የበሩ ደፍ ያደናቅፋቸዋል። ለሌላ ሰው ይህ ግንባር ላይ እብጠት ነው። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ግን ራስ ቅል ውስጥ ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱም በማግሥቱ ወይም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። (ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ራሱን ከተመታ፣ ደኅና ነኝ ቢልም ሆስፒታል ይሂድ።) ዳያዜፓም ከዚህም በላይ ሰውነት ውስጥ ይሰነብታል፤ የእርሱና ከእርሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ግማሽ እስኪወገድ ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ የዛሬው ክኒን በትናንቱ ላይ ይደረባል። ዞልፒዴም አጭር ነው፤ ሆኖም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 የሴቶችን መነሻ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ዝቅ አድርጓል፤ በ2019 ደግሞ ሰዎች ሳይነቁ ስለሚሄዱ፣ መኪናም ስለሚነዱ ከባድ ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። ለአረጋዊ ከ5 ሚሊግራም አይታለፍም። ከጠንካራዎቹ የሕመም ማስታገሻዎች ከትራማዶልና ከኮዴይን ጋር፣ ከአልኮልም ጋር እነዚህን ሁሉ መቀላቀል ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። በሌላ በኩል፣ ዳያዜፓምን ለወራት ወይም ለዓመታት ሲወስዱ የኖሩ የልብ ሕመምተኞች ይህን አንብበው ዛሬ ማታ እንዳይጥሉት። በድንገት ሲቆም ግፊትና የልብ ምት ይወጣሉ፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥም ይመጣል። በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት፣ በሐኪም ልክ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት የመድኃኒት ከረጢታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። አሥራ አንድ ዓይነት። የመጡት «ቀን ቀን ድብት ይለኛል፣ ስነሣ ይዞረኛል» ብለው ነው። ክኒኖቹን አንድ በአንድ ስንደረድር ሁለት ፓኬቶች ላይ፣ በተለያየ የንግድ ስምና በተለያየ ቀለም፣ ያው አሚትሪፕቲሊን ወጣ። አንዱን ለእግር ማቃጠል፣ ሌላውን ለእንቅልፍ፣ ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ያዘዙት ነው፤ አንዱ የሌላውን አላየም። ሴትዮዋ ጥፋት አልነበረባቸውም፤ የተሰጣቸውን በሰዓቱ ይወስዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ምን ምን ይወስዳሉ?» ብዬ መጠየቅ ትቼ «ከረጢቱን ያምጡት» እላለሁ።

ከዕፅዋት ስለተሠሩት እንክብሎችና የእንቅልፍ ሻዮች ባጭሩ፦ ከቅጠል የመጣ ሁሉ ገር ቢሆን ኖሮ የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲንም ገር በሆነ ነበር፤ የተገኘው ከቅጠል ነውና። «ሴንት ጆንስ ዎርት» የሚባለው ዋርፋሪንንና ዲጎክሲንን በሰውነት ውስጥ ቶሎ እንዲወገዱ ያደርጋል፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን እየዋጠ ሳይታከም ይኖራል። የሊኮሪስ ሥር ያለበት ሻይ የደም ግፊትን ያወጣል፣ ፖታሲየምን ያወርዳል። ቫሌሪያን ብዙም ሲጠቅም አልታየም። መኝታ ላይ የሚጠጣ አልኮል ደግሞ ቶሎ ያስተኛና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀሰቅሳል፤ የተዛባ ምት ላለበት ሰው የምቱንም መዛባት ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሜላቶኒን ይቀራል። ካቀረቧቸው ሁሉ ለአባትዎ የሚቀርበው እርሱ ነው፤ ትንፋሽን አይጫንም፣ ሱስ አያሲዝም፣ ኪውቲን እንደሚያረዝም አይታወቅም። እንዲያውም ለእርሳቸው ሁኔታ የቀረበ ጥናት አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሥራ፣ ሜቶፕሮሎል ወይም አቴኖሎል ከሚወስዱ 16 የደም ግፊት ሕመምተኞች መካከል ለ3 ሳምንት ማታ ማታ 2.5 ሚሊግራም ሜላቶኒን የተሰጣቸው በአማካይ 36 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ እንቅልፍ አግኝተዋል። 16 ሰው ጥቂት ነው፤ ሐሳቡ ግን ምክንያታዊ ነው፤ መድኃኒቱ የቀነሰውን መተካት ነው። ሆኖም ሦስት ነገር ይወቁ። ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ መድማት እንደበዛ የተመዘገቡ ሁኔታዎች አሉ፤ ስለዚህ ከተጀመረ በሳምንት ውስጥ የደም መርጋት ምርመራው (አይኤንአር) ይታይ። ኒፌዲፒን ለግፊት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ታይቷል። ሦስተኛ፣ በብዙ አገር የሚሸጠው እንደ ምግብ ማሟያ እንጂ እንደ መድኃኒት ስላልሆነ እሽጉ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ላይገናኝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ምርመራ አንዳንዱ ምርት ከተጻፈው እጅግ ያነሰ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እንደ መድኃኒት የተመዘገበ ምርት ካገኙ እርሱን ይምረጡ።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ የቀረበ ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጧል፤ እንቅልፍ አጥተው ሜላቶኒንን ከአንድ ዓመት በላይ የወሰዱ ሰዎች ላይ የልብ ድካም ካልወሰዱት ይበልጥ ታየ የሚል ነው። የቆዩ የሕክምና መዝገቦችን ያገላበጠ ጥናት ስለሆነ ሜላቶኒኑ አመጣው ማለት አይቻልም፤ እንቅልፋቸው በጣም የታወከ ሰዎች አስቀድሞም ልባቸው ደኅና ላይሆን ይችላል። ለእኔ የሚበቃኝ ትምህርት፣ ልቡ የደከመ ሰው ለዓመታት ሳይጠይቅ የሚውጠው ነገር አይደለም የሚለው ነው። ስለ መጠን ጠይቀውኛል፤ ሐኪሙ ከተስማማ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም፣ ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት አስቀድሞ፣ ለጥቂት ሳምንታት። 10 ሚሊግራም የሚለውን እሽግ ይተዉት፤ መብዛቱ እንቅልፍ አይጨምርም።

ሱቮሬክሳንትና ዳሪዶሬክሳንት የሚባሉ አዳዲስ መድኃኒቶችም መጥተዋል፤ ትንፋሽ ላይ ቀለል ያሉ ናቸው። ዲልቲያዜም ወይም ቬራፓሚል የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ላይ ግን መጠናቸው በደም ውስጥ ስለሚጨምር ሐኪሙ ዝቅ ያደርጋቸዋል።

ትንፋሹ ከተስተካከለ፣ የላሲክሱ ሰዓት ከተለወጠ በኋላም እንቅልፉ ካልመጣ፣ የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በመጀመሪያ የሚመክረው ክኒን ሳይሆን የእንቅልፍን ልማድ የሚያስተካክል የምክር ሕክምና ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሣት፤ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመውጣት፤ 20 ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ ተነሥቶ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ባለበት ወንበር ላይ መቀመጥና እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ፤ የቀን መኝታን ከግማሽ ሰዓት አለማሳለፍ። የዚህ ሕክምና አንዱ ክፍል የመኝታ ሰዓትን ሆን ብሎ ማሳጠር ነው፤ ልባቸው ገና ያልተረጋጋ ሰዎች ግን ያን ክፍል ለብቻቸው አይሞክሩት። ለአባትዎ የአልጋውን ራስጌ እግሮች በጠንካራ እንጨት 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ከትራስ መደራረብ ይሻላል፤ ትራስ አንገትን ብቻ ያጥፋል። ከክፍላቸው እስከ መጸዳጃው ድረስ ሌሊቱን የሚበራ ትንሽ መብራት ያድርጉ።

ቀጠሯቸው ሩቅ ከሆነ አይጠብቁት፤ 2 ወር ራሱ ረጅም ነው። ነገ ጠዋት ይዘዋቸው ይሂዱ፤ የዘመዳችሁን የአለርጂ ክኒን ጨምሮ ያለውን ሁሉ በከረጢት ያድርጉ፤ በአንዲት ወረቀት ላይ ስንት ሰዓት እንደሚነቁ፣ ስንት ትራስ እንደሚደገፉ፣ ላሲክሱን ማታ ስንት ሰዓት እንደሚውጡ ይጻፉ። ሐኪሙ «ምን ሆኑ?» ሲል «እንቅልፍ አጡ» ብለው አይጀምሩ፤ «ሌሊት ሲጋደሙ ይጨንቃቸዋል፣ ተቀምጠው መስኮት ያስከፍታሉ» ይበሉት። ከቤት ሳትወጡም ክብደታቸውን መዝኑና ወረቀቷ ላይ ጨምሩት።